አራት መስመር ለገጽ አርባ አንድ

ፓላ
ጃንዋሪ 9 ቀን 2002 እ.ኤ.አ.

ሊላማዬ፣ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እጄ ጃክ የሚባለውን ፍሬ ስልጥ በሙጫው ተለውሶ ስለነበር በክርኔና በጎኔ መሃል ይዤ ነው የተቀበልኩት። ፖስተኛው ሳቀብኝ። ይሳቅ! አንቺና ልጅሽ ሚኒ ደህና ከሆናችሁ እኔ ሙጫው እስከ ጸጉሬ ቢለጠፍብኝም ግድ የለኝም።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ የጽሕፈት መኪናዎቹ አሉ። አስራ ሁለቱም አይደሉም፤ አምስት፣ ስድስትና ሰባት ቁጥር ብቻ ቀርተዋል፤ አንሶላ አልብሼ ከኋላ ክፍል አስቀምጫቸዋለሁ። የፊት ክፍሉ ሁሉ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ሆኗል። በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ግን አባታችን፣ አፓቻን፣ በእጃቸው የጻፉት ያው የድሮው ነው፤ «የታይፕ ትምህርት ቤት» ይላል። አፓቻን ቀና ብለው እያዩት ካላለፉ የዋሉ አይመስላቸውም፤ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ አሁንም ዱላቸውን ይዘው ይመጣሉ።

ዋናውን ወሬ ካልነገርኩሽ ልፈነዳ ነው። የኛ የኤላንጂካል ቤተሰብ የዘር ታሪክ መጽሐፍ ሊታተም ነው! ሌላው ቤተሰብ ሁሉ አሳትሞ በየሰርጉ ሲያሳየን ኖሮ፣ አጎታችን ኦውሴፕ በስተመጨረሻ ተነሱ። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው እሳቸው፣ ጸሐፊው እሳቸው፣ በኮምፒውተር ጽፌ ገጹን የማሰናዳው እኔ። በሜይ ወር የቤተሰብ ስብሰባ ላይ የመጀመሪያውን መጽሐፍ የሚረከቡት በዕድሜ ትልቁ፣ አፓቻን ናቸው።

አንቺ ብታዪው! በኛ ጊዜ ህዳግ ማለት ከሮለሩ በላይ ያሉት ሁለት የብረት መቆሚያዎች አልነበሩ? ግራውን ትገፊያለሽ፣ ቀኙን ትገፊያለሽ፣ መስመሩ ሊያልቅ ሲል ደወሉ ቅጭል ይላል። አሁን ብረትም የለ፣ ደወልም የለ። ከስክሪኑ አናት እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር ያለ ማስመሪያ ተዘርግቷል፤ ጫፉን ይዘሽ ስትጎትቺው ገጹ እንደ ቀሚስ ይጠባል፣ ይሰፋል። እኔ ግን ግራውን አንድ ኢንች ተኩል አደረግሁት፣ እንደተማርነው። አፓቻን በክፍሉ መሃል እየተንጎራደዱ «ለመስፊያው ቦታ ያልተወች፣ ክሩ ፊደሏን ሲበላባት እኔ ጋ እንዳትመጣ!» ሲሉ እስካሁን ይሰማኛል።

ኮሚቴው አንድ ሕግ አውጥቷል፤ ለአንድ ቤት አንድ ገጽ። አንዱ ሁለት ቢያገኝ ሌላው ሦስት ብሎ ይጣላላ! ስለዚህ ዘጠና ስድስት ቤት፣ ዘጠና ስድስት ገጽ። የእኛ ቤት ገጽ አርባ አንድ ነው።

እዚህ ላይ ብዕሬ ከበደኝ። ገጽ አርባ አንድ ላይ አፓቻን አሉ፣ ነፍሷን ይማረውና እናታችን አለች፣ ወንድማችን ቶማና እኔ ከነልጆቻችን አለን። አንቺ የለሽም። አጎት ኦውሴፕን «ሊላማስ?» ብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው እየወለወሉ «ቦታ የለም፣ ልጄ። እዪው እስቲ፣ ገጹ ሞልቷል» አሉኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ስምሽ ሲነሳ ሳል የሚይዛቸው ሰውዬ፣ አሁን ሰበባቸው ቦታ ሆነና አረፈው!

ግን ሊላማ፣ ችግሩ ቦታ ከሆነ እሱ የኔ ሥራ ነው። የሚያስፈልገኝ አራት መስመር ብቻ ነው። ጻፊና ላኪልኝ።

ባልሽ ስሪዳራን እንዴት ነው? በደብዳቤሽ ግርጌ ሁልጊዜ የሚጨምራት አንድ መስመር ቀረች። ቆጠርኩ፣ ሦስት ደብዳቤ ሆነ። ተቀይሞኝ ከሆነ ንገሪው፤ በእናንተ መሃል የተቀመጥኩት እኔ እያለሁ ቅያሜ የለም።

ስድስት ቁጥር፣
እህትሽ ሳራማ


ጃባልፑር
ጃንዋሪ 24 ቀን 2002

ውድ ታላቄ፣ ቼቺ፣

ጉልበቴ እንደ ብርዱ ነው፤ እዚህ ደግሞ ዘንድሮ ብርዱ ጨክኗል። ጣራውን አስጠግነናል። ሚኒ ሥራዋን ወዳዋለች። የላክሽው የደረቀ አሳ ጎረቤቶቼን በሙሉ አስነጠሳቸው፤ እኔ ግን ለሦስት ቀን ንግሥት ሆኜ በላሁ።

ስለ መጽሐፉ፣ ቦታ የለም ካሉ ይቅር ቼቺ። ያለ መጽሐፍም ኖሬያለሁ። እንዳትጣዪልኝ።

ይህን ጽፌ ብዕሬን አስቀመጥኩና ተነሳሁ፤ ሻይ አፈላሁ፤ ተመለስኩ። ዋሽቼሻለሁ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት ወረቀት አውጥቼ አራቱን መስመር ጽፌያቸው ነበር። አንዴ ብቻ አይደለም፣ አምስት ጊዜ። መቼ ተወለደች፣ የት ተጠመቀች፣ የት ሠራች፣ ማንን ወለደች። የሰው ዕድሜ በአራት መስመር ሲያልቅ አይገርምሽም? ከዚህ ጋር አሽጌልሻለሁ። ቦታ ካገኘሽ ብቻ።

ስለ ደወሉ ስትጽፊ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። እኔ ሰባት ቁጥር ማሽን ላይ፣ አንቺ ስድስት፣ ስሪዳራን አምስት። በልምምድ ወረቀቱ ህዳግ ላይ ሁለት ቃል መትቶ ይሰጥሽና፣ አንቺ ላጲስ የምታቀብዪ መስለሽ ወደ እኔ ታሳልፊው ነበር። ፊትሽ እንደ በርበሬ ቀልቶ! አባታችን በዚያ ሁሉ ጥንቃቄያቸው፣ ስፋቱን በኢንች በሚለኩት ህዳግ ላይ ምን እንደሚጻፍ አለማየታቸው ዛሬም ይደንቀኛል።

ስሪዳራን አልተቀየመሽም። አሁን አይጽፍም፣ በቃ። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ።

እህትሽ ሊላማ


ፓላ
ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2002

ሊላማዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታሽን አስቀድሚልኝ፤ ምክንያቱን ስትሰሚ በሳቅ ታስነጥሻለሽ፣ ያለ ደረቅ አሳ።

መስመሮችሽ እንደደረሱኝ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ የግራውን ህዳግ ከአንድ ተኩል ወደ አንድ ኢንች አጠበብኩት። ጽሑፉ ይፈስሳል፣ ገጹ ይሰፋል ብዬ ጠበቅኩ። ንቅንቅ አላለም! መስመሮቹ እንደ ግትር በሬ በነበሩበት ቆሙ። በግራ የተረፈው ግማሽ ኢንች በቀኝ በኩል ባዶውን ተገተረ እንጂ አንዲት መስመር እንኳ አልተገኘችም። ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ሰደብኩት።

በመጨረሻ የማተሚያ ቤቱን ቫርኪን ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ አየና ሳቁ ለቀቀው።

«ቼቺ፣ በየመስመሩ መጨረሻ ኤንተር መትተሻል እኮ!»

«ታዲያስ? መስመሩ ሲያልቅ ምን ላድርግ?»

«ምንም። ዝም ብለሽ ጻፊ፤ ራሱ ይወርዳል።»

«ራሱ?»

«ራሱ። አንቺ ግን የሌለ ደወል ነው የምትሰሚው።»

እውነቱን ነው፣ ሊላማ። ዘጠና ስድስት ገጽ ሙሉ፣ መስመሩ ሊያልቅ ሲል ጆሮዬ ውስጥ ቅጭል ይላል፣ እጄም ሮለሩን የተሸከመውን ጋሪ ሊመልስ ይሄዳል። ስለዚህ ኤንተሮቹን አንድ በአንድ ለቀምኳቸው፣ ከሩዝ ላይ ጠጠር እንደሚለቀም። አስራ አንድ ቀን ፈጀብኝ! ግን ስጨርስ ገጽ አርባ አንድ ግርጌ ላይ ምን አየሁ? አራት ባዶ መስመር። ቆጠርኩ። ውኃ ጠጥቼ መጣሁና ደግሜ ቆጠርኩ። አራት!

አጎት ኦውሴፕ በማግስቱ መጡ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቦታ ነው፣ አጎቴ።»

«ለአንድ ቤት ብሎ ህዳግ ማጥበብ የለም! ዘጠና አምስቱ ቤት ምን ይለኛል?»

«ለዘጠና ስድስቱም ነው ያጠበብኩት። ማስመሪያ ያምጡና ይለኩ።»

ለኩ! እንዴት ያለ ሰው ናቸው! ከኪሳቸው ማስመሪያ አውጥተው ሰባት ገጽ ለኩ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና እንዲህ አሉ፤ «ስሟን ብቻ። የሰውየው ስም አይገባም፤ በዚህ መጽሐፍ አማች የሚባለው በቤተ ክርስቲያን ያገባ ነው። የእሷንም ቢሆን አባትሽ በአፋቸው ይግባ ካሉ ብቻ።»

አፓቻን በአፋቸው! ከሄድሽ ወዲህ ስምሽን ያልጠሩትን ሰውዬ! አውቀው ነው ያሉኝ። ግን እሄዳለሁ። የስሪዳራንንም ነገር አልተውኩትም፤ የተወለደበትን ዓመትና የሥራውን ማዕረግ ላኪልኝ፣ ብልሃት አላጣም።

ሳራማ


ጃባልፑር
ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2002

ቼቺዬ፣

ኤንተሮቹን በአንድ ጊዜ ማጥፋት ይቻላል። «ፈልግና ተካ» የሚል ቦታ አለ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ስታነቢ ምን እንደምትዪ ስለማውቅ ጆሮዬን ይዣለሁ። እኔም የባቡር መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር ያስገባ ጊዜ የሠራሁት ያንኑ ስህተት ነው። ዘዴውን ያሳየኝ ስሪዳራን ነው። «የአባትሽ ተማሪዎች ሲሞቱም ደወሉን ሰምተው ነው የሚሞቱት» ብሎ ስቆብኝ ነበር።

ቼቺ፣ ስሪዳራን ባለፈው ኦገስት አስራ ሦስት ቀን ሞተ። ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣ ልቡ ቆመ። ሚኒና እኔ አብረነው ነበርን።

አትቆጪኝ። ስድስት ወር ተኩል የደበቅሁሽ ስለማላምንሽ አይደለም። ብነግርሽ ለአባታችን ትነግሪያቸው ነበር፣ ለአጎት ኦውሴፕም ይደርሳል። ከዚያ «ምስኪን፣ አሁንማ ብቻዋን ቀረች፣ ትግባ» ይባላል። በሩ የሚከፈትልኝ እሱ ስለሌለ እንዲሆን አልፈለግሁም። ከእሱ ጋር ነው የወጣሁት፣ ቼቺ።

ስለዚህ ስሜ ብቻ የሚገባ ከሆነ አታስገቢው። የሌሎቹ ሴት ልጆች ባሎች የየራሳቸው መስመር እንደሚኖራቸው አውቃለሁ። እሱም ይኑረው፤ አለዚያ ያን ቦታ ባዶ ተዪው። ይህ የመጨረሻ ቃሌ ነው፤ ተቆጥቼ ግን አይደለም። አንቺ ያን ሁሉ ኤንተር እንደ ጠጠር ስትለቅሚልኝ እያሰብኩ ስቄም አልቅሼም ጨረስኩ።

የተወለደው በ1950 ነው። የባቡር መሥሪያ ቤት ዋና ጸሐፊ ነበር።

ሊላማ


ፓላ
ማርች 14 ቀን 2002

የኔ ሊላማ፣

እንዴት ብዬ ልጀምር? ያቺ የግርጌ መስመር ስትቀር ሦስት ደብዳቤ ቆጥሬ «ተቀይሞ ይሆን» ብዬ የቀለድኩትን ሳስብ ምላሴን ልቆርጠው እፈልጋለሁ። አምስት ቁጥር ላይ ያለውን አንሶላ ገልጬ አጠገቡ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ። ቁልፎቹ ላይ የእሱ ጣቶች ያደበዘዟቸው ፊደሎች አሉ። ይቅርታ፣ እህቴ። ስለማላውቀው ሁሉ ይቅርታ።

አሁን አፓቻን ዘንድ የሆነውን እነግርሻለሁ፣ ከቃሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ።

ቅዳሜ ከሰዓት ገጹን አትሜ አፓቻን ዘንድ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ነበሩ። ገና ምንም ሳልል ማጉያ መነጽራቸውን አነሱ፤ አውራ ጣታቸውን ከወረቀቱ ጠርዝ እስከ መጀመሪያው ፊደል ድረስ አጋደሙት።

«ግማሽ ኢንች ጎድሏል» አሉ። «ማን ፈቀደልሽ?»

«ቦታ ፈልጌ ነው፣ አፓቻን።»

«ለምን?»

«ለአራት መስመር።»

«አንብቢው።»

አነበብኩት። ስምሽን ስጠራ እሳቸው ቀና አላሉም። ስጨርስ ወደ ጎማ ዛፎቹ ዞሩ።

«በደቂቃ ስንት ቃል ነበር የምትመታው?»

«ስልሳ አምስት።»

«ስልሳ ስምንት!» አሉ፣ እንደ ተቆጡ። «ያለ አንድ ስህተት። ለምን አልጻፍሽውም?»

ስልሳ ስምንት ብዬ ገጹ ዳር ላይ ጻፍኩ። ቀጠሉ፤ «ያኛውስ?»

«ማንኛው?»

«አትቀልጂብኝ። አምስት ቁጥር። ያ ትንሿን ጣቱን የማይጠቀመው። ስንት ጊዜ በማስመሪያ መታሁት!»

ነገርኳቸው። ማጉያውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ማንም አልነገረኝም።»

«ስሙን አይጠሩም ነበር እኮ፣ አፓቻን።»

«አልጠራሁም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ ስድስት ቁጥር። ላጲስ ስታመላልሺ አየሁ። አንድ ላጲስ በሳምንት አርባ ጊዜ አይመላለስም። ዝም ያልኩት ልጁ ጎበዝ ስለነበረ ነው። ከዚያ ሲሄዱ ደግሞ እኔ ራሴ ዝም ባልኩት ነገር ተናደድኩ፤ ያንን ለማን ይነግሩታል?»

ሊላማ፣ ያውቁ ነበር! እኔ ያንን ጉድ በሆዴ ይዤ ሃምሳ ሁለት ዓመቴን ደፈንኩ፣ እሳቸው ግን ያውቁ ነበር!

«አምስተኛ መስመር ስጪው» አሉኝ።

«ቦታ የለም፣ አፓቻን። ከዚህ በላይ ካጠበብኩት ክሩ ይበላዋል።»

ሰማሽ? ቦታ የለም ያልኩት እኔው ራሴ! እሳቸው ግን እርሳሳቸውን ከጆሮአቸው ላይ አወረዱና ከራሳቸው ስም ሥር ያለችውን መስመር ሰረዙ። «የታይፕ ትምህርት ቤት መሥራችና የአርባ ዓመት መምህር» የምትለዋን። አንዷን ኩራታቸውን!

«እዚህ አለልሽ» አሉ። «የሱን ስትጽፊ ማን እንዳስተማረው ጨምሪበት፤ ለእኔ ይበቃኛል።»

አጎት ኦውሴፕ የእርሳሱን ጭረት ሲያዩ ሳል ያዛቸው፤ ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ግን አይከራከሩም። አንድ ነገር ብቻ አነሱ። በመጽሐፉ ከሞተ ሰው ስም በፊት ትንሽ መስቀል ይደረጋል። ስሪዳራን ክርስቲያን አልነበረም፤ ያለ ምልክት ብንተወው ደግሞ በሕይወት ያለ ይመስላል። እውነት ለመናገር በዚህ ትክክል ናቸው። ምን እናድርግ? ያንቺ ነው፣ አንቺ ወስኚ።

ሳራማ


ጃባልፑር
ማርች 29 ቀን 2002

ቼቺ፣

ደብዳቤሽን ለሚኒ ጮክ ብዬ ላነብላት ሞከርኩ። ስልሳ ስምንት የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ተቀብላኝ እሷ ጨረሰችው።

መስመራቸውን መልሽላቸው፣ እለምንሻለሁ። ያ ሰሌዳ ሲሰቀል መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ለስሪዳራን የኔን አንድ መስመር ቀንሺ፤ የሥራዬን። ማን ይፈልገዋል?

ምልክቱን አላውቅም። መስቀል አይሆንም፤ ሌላ ምልክት ብታደርጉበት ደግሞ ከሁሉ ተለይቶ ይታያል፣ ሲኖር እንደነበረው። አፓቻንን ጠይቂያቸው። ገጽ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ለብቻዋ በታጠፈችው ቁራጭ ወረቀት ላይ የጠየቅሁሽን ለማንም አታሳዪ። መልሱን ብቻ ጻፊልኝ።

ሊላማ


ፓላ
ኤፕሪል 26 ቀን 2002

ሊላማዬ፣ ሰባት ቁጥሬ፣

ከዚህ ጋር የተጠቀለለው መጽሐፉ ነው! ከስብሰባው በፊት ለማንም እንዳይሰጥ ተብሎ ነበር፤ ቫርኪ አንድ ደብቆ ሰጠኝ። የቀለሙ ሽታ ገና አልለቀቀውም። መጀመሪያ አሽትቺው፣ ከዚያ ገጽ አርባ አንድን ክፈቺ። እኔ እዚህ ሆኜ ስትከፍቺው ይታየኛል።

አፓቻን የሰረዙትን መስመር አልመልስም ብለዋል። «የተሰረዘ የተሰረዘ ነው፤ ያንቺም አይቀነስም» አሉ። አራቱም መስመሮችሽ አሉ፣ በደቂቃ ስልሳ ስምንት ቃል መምታትሽም ገብቷል። ክሩም አንድ ፊደል አልበላም፤ አጎት ኦውሴፕ እንደገና በማስመሪያ ለክተዋል፣ ይለኩ!

አሁን አምስተኛውን መስመር እዪ። ከስሪዳራን ስም በፊት ትንሽ ባዶ አለ፣ ጥርስ የወለቀበት ቦታ የመሰለ። ስህተት እንዳይመስልሽ። አጎት ኦውሴፕ መስሏቸው ማተሚያ ቤት ድረስ ሄደው «ይሄን ክፍተት ዝጉት» ብለው ነበር፤ ቫርኪ «ይሄ የትልቁ መምህር ትእዛዝ ነው፣ እኔ አልነካውም» አላቸው። ቫርኪም የአፓቻን ተማሪ ነው እኮ፤ አስር ቁጥር።

እንዲህ ነው የሆነው። ምልክቱን ስጠይቃቸው መልስ ሳይሰጡኝ ዱላቸውን አንስተው ተከተይኝ አሉ። ሱቁ ድረስ በእግራቸው መጡ፤ ሰሌዳቸውን ቀና ብለው አዩ፣ ገቡ። ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ ሰው ወንበሬን አስለቅቀውኝ ተቀመጡ። ጀርባቸውን አቀኑ፣ ክርናቸውን ሰበሰቡ፣ ጣቶቻቸውን በየቦታቸው አሳረፉ፣ ልክ ለእኛ ያሳዩን እንደነበረው።

«የቱ ጋ ነው ስሙ?»

ጠቋሚውን ከፊቱ አደረግሁላቸው።

«ለመስቀል የሚተወው ስንት ምት ነው?»

«ሦስት።»

«እንግዲህ ለሱም ሦስት» አሉ። ረጅሟን የባዶ ቦታ ቁልፍ በቀኝ አውራ ጣታቸው መቱ፤ በሌላ ጣት መምታት ነውር እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጮክ ብለው ቆጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ጆሮአቸውን ወደ ስክሪኑ አዘነበሉ፣ የሚጠብቁት ነገር ያለ ይመስል።

«ደወል የለውም፣ አፓቻን» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ፣ ግን ትንሽ ቆዩ።

ባዶዋን ቦታ በጣትሽ ዳብሺያት።

በቁራጭዋ ወረቀት ላይ ለጠየቅሽኝ ደግሞ፤ አዎ፣ ከኮታያም ባቡር ጣቢያ የሚነሳው አውቶቡስ ዛሬም በሱቃችን በር ያልፋል። ሰሌዳው ሥር ይቆማል። የምትመጪበትን ቀን አትጻፊልኝ፣ ለማንም ሳልናገር መቆየት እንደማልችል ታውቂያለሽ። ዛሬ ጠዋት አፓቻን የማሽን ዘይት ይዘው መጥተው የሰባት ቁጥርን አንሶላ ገለጡ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ከፊት ክፍል ሆኜ እሰማለሁ፤ ጋሪውን ወደ ዳር እየገፉ ደወሉን ይሞክራሉ።

ስድስት ቁጥር